ከአባትዎ ሣጥን ስለተገኘው የጎልፍ ሜዳ ፎቶ

እህቴ፣ ከወላጅ አባትዎ ሣጥን አግኝተው ያቀረቡትን ፎቶ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። አባትዎ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር፣ ቦታው የፋብሪካው ሆላንዶች ይጫወቱበት የነበረ ሜዳ እንደሆነ ቤተሰቡ እንደሚያምን ገልጸው እውነት መሆኑን ጠይቀዋል። ፎቶው የወንጂ አይደለም፤ በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ኦልድ ኮርስ ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ ላይ የተነሣ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ በፎቶ ቤት ሥራ፣ በተለይም የተጎዱ አሮጌ ፎቶዎችን በማደስ ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ፣ እዚህ ላይ የደረስኩበትን መንገድ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሁለቱ ሰዎች በቆሙባት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። ስዊልከን ትባላለች፤ ባለ አንድ ቅስት ስትሆን ርዝመቷ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ የተሠራችውም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እረኞች ከብቶቻቸውን ጅረቷን እንዲያሻግሩባት ነበር። ይሁን እንጂ የድንጋይ ድልድይ በየአገሩ ስላለ በእርሷ ብቻ አልተማመንኩም። ከሜዳው ማዶ በስተግራ የሚታየው ግራጫ ሕንፃ በ1854 የተሠራው የሮያል ኤንድ ኤንሸንት የጎልፍ ክለብ ቤት ሲሆን፣ ከእርሱ በስተቀኝ ጉልላት ያለው፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ጠቆር ብሎ የሚታየው ትልቅ ሕንፃ ደግሞ በ1895 የተከፈተው ግራንድ ሆቴል ነው፤ የጠቆረውም ድንጋዩ ቀይ ስለሆነ ነው። እነዚህ ሦስቱ በዚህ አቀማመጥ በአንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ ቦታ የለም።

ሆቴሉ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይነግረናል። ሕንፃው ከታየ ፎቶው ከ1890ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተነሣ ነው ማለት ነው። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ የሴቶቹ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ መሆኑ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወዳለው ጊዜ ይወስደናል። አንድ አስተያየት ሰጪ የቆሻሻ መጣያ ነው ያሉት በስተግራ ያለው ሣጥን የአሸዋ ሣጥን ይመስለኛል፤ ኳስ ማስቀመጫዋ ትንሽ እንጨት በ1920ዎቹ ከመስፋፋቷ በፊት ተጫዋቾች እርጥብ አሸዋ በጣታቸው ቆንጥረው፣ እንደ ትንሽ ጉብታ አድርገው ኳሱን በላዩ ያስቀምጡ ነበር። የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 መሆኑን ካስታወስን ልዩነቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይሆናል።

ሌላ ወንድማችን ጥላው ረጅም ስለሆነ አገራችን ሊሆን አይችልም ብለዋል። ድምዳሜያቸው ትክክል ነው፤ ማስረጃው ግን አያስተማምንም። በአዳማ አንድ ሜትር ዘንግ ቢተከል፣ በእኩለ ቀን ጥላው እጅግ በሚረዝምበት በታኅሣሥ እንኳ 62 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሴንት አንድሩስ ደግሞ እጅግ በሚያጥርበት በሰኔ 65 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፎቶው በእኩለ ቀን መነሣቱን በእርግጠኝነት ብናውቅ ኖሮ ጥላ ይፈርድልን ነበር፤ ጠዋትና ማታ ግን የሁሉም አገር ጥላ ረጅም ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ማረጋገጥ የሚገባው ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጦ አለመታተሙ ነው፤ ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተነሣ የአያታቸውን ኔጋቲቭ አምጥተውልኝ፣ ፊልሙን በጀርባው አስገብቼ አተምኩት። የታቦር ተራራ በተቃራኒው ጎን ስለወጣ ቤተሰቡ ሐዋሳ አይደለም፣ ዝዋይ ነው እያለ ሲከራከር ከረመ። ኋላ ላይ ፎቶውን ሳየው የሽማግሌው ኮት የደረት ኪስ በራሳቸው ቀኝ በኩል ሆኖ አገኘሁትና ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ፤ ያለ ክፍያ አትሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። በእርስዎ ፎቶ ላይ የወንዶቹ የደረት ኪስ በራሳቸው ግራ በኩል ነው፤ የክለቡ ቤትም በፎቶው ግራ፣ ሆቴሉ በቀኝ ስለሆነ አቅጣጫው ልክ ነው።

ታዲያ ወንጂ እንዴት ደረሰ? የወፍራም ካርቶኑ መጠንና የተከረከመው ጠርዝ የፖስታ ካርድ መሆኑን ያሳያሉ፤ አባትዎ ከውጭ አገር የሥራ ባልደረባ በስጦታ ተቀብለውት ሊሆን ይችላል። የቤተሰቡ ትረካ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ካርዱ ወንጂ መክረሙ እውነት ሊሆን ይችላል፣ የተነሣው ግን እዚያ አይደለም።

አሁን የምለምንዎ ጀርባውን እንዲያሳዩን ነው። በብሪታንያ የካርድ ጀርባ በመካከለኛ መስመር ለሁለት ተከፍሎ መልእክትና አድራሻ ጎን ለጎን እንዲጻፍ የተፈቀደው በ1902 ስለሆነ፣ መስመሩ ካለ ካርዱ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው፤ ይህ ግን የኅትመቱ ዘመን እንጂ የፎቶው አይደለም፣ አሳታሚዎች የቆየ ኔጋቲቭ ደጋግመው ያትሙ ነበርና። በፊቱ ታችኛ ጠርዝ ላይም ቁጥርና በላቲን «ጄ» እና «ቪ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ ይመልከቱ፤ በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ የነበረው አሳታሚ የቫለንታይን ምልክት ነው። ካርዱ ከአልበም ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን እባክዎ በምላጭም ሆነ በእንፋሎት ለማላቀቅ አይሞክሩ፤ እንደተጣበቀ ጠርዙን ብቻ በቅርበት አንሥተው ይላኩልን።