ሄሮን ሐይቅ ላይ ቀጥ የሚል ሞተር

ከአልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። 22 ጫማ ርዝመት ያለው የሸራ ጀልባ አለው። ከኋላው 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ሞተር ተሰቅሏል፤ ቤንዚኑን የሚያገኘው ጀልባው ውስጥ ከሚቀመጥ ፕላስቲክ ታንክ ነው። በሚያዝያ ኤለፈንት ቢዩት ሐይቅ ላይ ምንም አላስቸገረውም። በሐምሌ ወደ ሄሮን ሐይቅ ጎትቶት ወጣ። ሄሮን ላይ ውሃ የሚያናውጥ ፍጥነት ክልክል ስለሆነ ቀስ ብሎ እየነዳ ሳለ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጋት ተነሳ። ከሰዓት በኋላ የዝናብ ደመና ሲመጣ ሸራውን አወረደ፤ ነዳጅ ሰጥቶ ወደ ዳር ሊያመልጥ ሲል ግን በአራት ደቂቃ ቀጥ አለበት። «ከፍታው ነው ተብዬ የካርቡራተሩን ጄት፣ ያቺን ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ፣ አስቀየርኩ፣ ካንዴላም ቀየርኩ፣ ያው ነው» ይላል።

ወንድሜ፣ ካርቡራተሩን ለጊዜው ተወው። ደብዳቤህን ሳልጨርስ ሐሳቤ የሄደው ወደ ቤንዚን ቱቦህ ነው። ቀስ ስትል ሃያ ደቂቃ፣ ነዳጅ ስትሰጠው አራት ደቂቃ። ብዙ ሲጠጣ ቶሎ ይሞታል ማለት ነው። ኳሷን ስትጨምቃት ደግሞ ነፍስ ይዘራል። ይህ የጠማው ሞተር ነው።

ከፍታ የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ችግር ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የነዳ ሰው ያውቀዋል። ያንተ ካንዴላ ግን ነጣ ያለ ቡናማ ሆኖ እንደወጣ ጽፈሃል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካንዴላ እንዲህ አይመስልም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳህ። ይቺን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ቤተሰቦቼ ሳይቀሩ ሰልችተዋታል። ሰው ሁሉ «ፓምፑ ቤንዚን ይስባል» ይላል። አይስብም። ፓምፑ በእሱ በኩል ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል፣ በቃ። ቤንዚኑን ከታንክ ገፍቶ የሚያመጣለት በላዩ የተጫነው አየር ነው። የዘይት ቆርቆሮ ሲከፈት አስታውስ። እናትህ በሚስማር አንድ ቦታ ብቻ ስትበሳው ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ ይልና ያቆማል። በማዶው ጥግ ደግማ ስትበሳው ያኔ ይንቆረቆራል። ያቺ ሁለተኛዋ ቀዳዳ የአየር መግቢያ ናት። የታንክህ መተንፈሻም ሥራው እሱ ነው።

ታዲያ ገፊው አየር ራሱ እንደ ቦታው ይለያያል። ባሕር ወለል ላይ 100 ብንለው፣ 1,340 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ኤለፈንት ቢዩት 85 አካባቢ ነው። 2,190 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሄሮን ወደ 77 ይወርዳል። አዲስ አበባ ከሄሮንም ትብሳለች። በዚያ ላይ ግፊት ሲቀንስ ማንኛውም ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ቤንዚንም እንደዚያው ነው። የበረሃ ፀሐይ ያጋለው ጥቁር ቱቦ ውስጥ፣ ፓምፑ ግፊቱን ሲቀንስበት፣ አረፋ ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ አረፋ መግፋት አይችልም። ጣና ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ የጀልባ ሞተር ስጠግን ልጆቹ በቀትር ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር። ምክንያቱን የነገራቸው የለም፤ ግን ይሠራል።

ስለዚህ ቱቦህ በከፊል የታፈነ ከሆነ ኤለፈንት ቢዩት ላይ ያቺ ተጨማሪ ግፊት ታሳልፍልሃለች። ሄሮን ስትደርስ አትበቃህም።

ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ታንኩን ከጀልባው አውጥተህ መሬት ላይ አስቀምጥ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ውሃ ወርዶ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ በራሱም አይወጣም። የመብራት ማብሪያ የምታወጣው ብልጭታ ትበቃዋለች። ጀልባ ውስጥ ቤንዚን አትቅዳ፣ ጀልባ ውስጥ ቱቦ አትፍታ።

ሞተሩ ሲጠፋ፣ ከመጨመቅህ በፊት፣ ኳሷን እያት። ተጣብቃ ጠፍጣፋ ከሆነች እንቅፋቱ ከኳሷ ወደ ታንኩ ባለው በኩል ነው። ሞልታ ጠንክራ ካገኘሃት እኔ ተሳስቻለሁ፤ ፊልትሮውንና ካርቡራተሩን ክፈት። ክብ ሆና ግን ብትጨምቃት ብትጨምቃት አልጠነክር ካለች፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር እያስገባች ነው ወይ ውስጧ ያለው ቫልቭ ሞቷል። ስትጨምቃት ላይዋ ላይ ያለው የቀስት ምልክት ወደ ላይ ይሁን።

ጠፍጣፋ ከሆነች የታንኩን ክዳን ግማሽ ዙር ፍታው። አየር ሲገባ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ኳሷም ወዲያው ከተነፋች፣ ጥፋቱ መተንፈሻው ነው። ከ2011 ወዲህ አሜሪካ የሚሸጡ ተንቀሳቃሽ ታንኮች ትነት እንዳያወጡ ራሱን በሚዘጋ ቫልቭ ነው የሚሠሩት። ፀሐይ ላይ እንደ ቦካ ሊጥ ያብጣሉ፤ የአንዳንዱ ቫልቭ ደግሞ ተጣብቆ አየር ማስገባት ይረሳል። እንዲህ ከሆነ ክዳኑን ቀይረው። በሚስማር እንዳትበሳው! የዘይት ቆርቆሮ ያልኩህ ለምሳሌ ነው። በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ትነት የት እንደሚተኛ ነግሬሃለሁ።

ክዳኑ ተከፍቶም ካልተነፋች፣ እኔ እንደጠረጠርኩት ቱቦው ነው። ያለፈው ባለሙያ ቱቦውን በባለ ቡሎን ማሰሪያ አጥብቆ ዙሪያውን ሲሊኮን እንደቀባው በፎቶው አይቻለሁ። ምን ልበል! ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ቁራጩ ተልጦ ፊልትሮ ውስጥ ይገባል። ማሰሪያው ደግሞ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የቱቦውን የውስጥ ሽፋን ይቆርጠዋል። እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ርካሹ ቱቦ ኢታኖሉን አይችልም፤ ከተቆረጠው ቦታ ጀምሮ ሽፋኑ መላቀቅ ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ አንድ ቱቦ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቄ አይቻለሁ። ከላይ አዲስ ነው፤ ጽሑፉ እንኳ አልጠፋም። ውስጡ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጥቁር ሽፋን አንድ ጣት ያህል ተነስቶ ተንጠልጥሏል። ቤንዚን በዝግታ ሲያልፍ ዝም ይላል። ፓምፑ ሲበረታ ተስቦ እንደ በር ይዘጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ሲመለስ ደግሞ ይከፈታል፤ ከኳሷ ጋር ስትታገል ሞተሩ የሚነሳልህ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ በንፋስ ብትሞክረውም ያሳልፋል፤ በዚህ ስንት ሰው ተሸውዷል።

ስለዚህ አታክመው፣ ጣለው። «ቢ1-15» (B1-15) የሚል የታተመበት ቱቦ ግዛ፤ የውስጥ ስፋቱን ከሞተሩ መቀበያ ጋር ለካ፣ ባንተ መጠን ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር ነው። ኳሷን የሞተሩ አምራች የሚሸጣትን ግዛ። በኢንተርኔት ቱቦና ኳስ አንድ ላይ በ15 ዶላር የሚሸጡት ላይ ገንዘብህን አታቃጥል፤ ቫልቫቸው አንድ በጋ አይሻገርም። ማሰሪያው በፒንሳ የሚጨመቀው ባለ ጆሮው ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ያሉትን የመሰኪያዎቹን ኦሪንግም (ክብ የጎማ ቀለበቶቹን) አብረህ ቀይር፤ የሳንቲም ዕቃ ነው።

ስለ ጄቱ አንድ ነገር አለ። ያስገቡልህ ጄት ለሄሮን ተብሎ ቀዳዳው የጠበበ ነው። ከዚያ ጋር ወደ ኤለፈንት ቢዩት ብትወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ሲብስም ፒስተን ይበላል። የድሮው ካልተጣለ በሚያዝያ መልሰው። የሄሮኑን በትንሽ ጠርሙስ አድርገህ መሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ አኑረው።

ከገጠምክ በኋላ ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ አስነሳው። ደረቁን አታስነሳ፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። ኳሷን አጠንክር፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣትህ ዳስስ፣ ጣትህን አሽትት። ሽታ ካለ ጀልባው ላይ አይወጣም። ታንኩን መሬት ላይ ሙላ፣ እስከ አፉም አትሙላው፤ በበረሃ ሙቀት የሚነፋበት ቦታ ተውለት።

ሄሮን ላይ መጀመሪያ ቀን ስትወጣ ሸራውን ለመስቀል ዝግጁ አድርገህ ውጣ፤ መልሕቁም ከነገመዱ ቅርብ ይሁን። የሐምሌና የነሐሴ ደመና እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ፍተሻህን ጠዋት ጨርስ። በአዲሱ ቱቦም ኳሷ ከተጣበቀች፣ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን የሚቀበለው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥተህ ፎቶዋን ላክልኝ።