ከአንዱ ሰርቨር የወጣ ከሌላውም ይውጣ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከአንድ በላይ ሰርቨር ላይ ስለሚሠሩ ሲስተሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ። ጥምቀት ሲቃረብ የሆቴል ማስያዣ ገጻችን ስለሚጨናነቅ ሁለተኛ ሰርቨር ጨመርን። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ገብቶ ክፍል ሲመርጥ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። በፒኤችፒ የተሠራ ነው።

መልስ፦ ፒኤችፒ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሴሽኑን (ማን እንደገባ የሚያስታውሰውን መዝገብ) የሚያስቀምጠው እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ በፋይል ነው። ደንበኛው በአንደኛው ገብቶ ቀጣዩ ገጽ ከሁለተኛው ሲመጣለት፣ ሁለተኛው አያውቀውም። ብዙ ሰው ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ በሚያከፋፍለው ኤንጂንኤክስ ላይ አይፒ ሃሽን (ከአንድ አድራሻ የመጣውን ሁልጊዜ ወደ አንዱ ሰርቨር የሚልከውን) ከፍቶ ለመገላገል ይሞክራል። አይፒ ሃሽ ግን የተለመደውን ባለ አራት ክፍል አይፒ አድራሻ (አይፒቪ4) የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች ብቻ ስለሚያይ፣ በአንድ መስመር የሚጠቀም ግቢ ሙሉ ሰው አንዱ ሰርቨር ላይ ይከመራል። ያ ሰርቨር መብራት ከጠፋበት የሁሉም ሴሽን አብሮ ይቋረጣል። ሴሽኑን ሬዲስ (ሰርቨሮቹ የሚጋሩት ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) ላይ አስቀምጡትና ሁለቱም ከዚያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሴሽን ኩኪውን (ብሮውዘሩ የሴሽኑን መለያ ይዞ የሚመላለስበትን) ስም ብቀይረው ከጠላፊ እድናለሁ?

መልስ፦ አይድኑም። ኩኪውን ሴኪዩር (በተመሰጠረ መስመር ብቻ የሚላክ) እና ኤችቲቲፒ ኦንሊ (ገጹ ላይ ያለ ስክሪፕት የማያነበው) ያድርጉት፤ ሰው ሎግ ኢን ባደረገ ቁጥርም የሴሽን መለያው ይቀየር።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ። ለአንድ ክሊኒክ በሠራነው ሲስተም ሦስት ሰርቨሮች አሉ። ጄደብሊውቲ (የተፈረመበት ዲጂታል የመግቢያ ወረቀት፣ ማለትም ቶክን) ስለምንጠቀም እያንዳንዱ ቶክኑን ራሱ ያረጋግጣል። ቶክኑ 24 ሰዓት ይቆያል። የተሰናበተ ሠራተኛ እስከ ማግስቱ መግባት ይችላል፤ ቢሆንም ያን ያህል የሚያሳስብ አይመስለንም።

መልስ፦ እኔን በጣም ያሳስበኛል። ሰርቨሩ ፊርማውን ሲያረጋግጥ የሚያውቀው ቶክኑን እናንተ እንደሰጣችሁት፣ እንዳልተነካካና ጊዜው እንዳላለፈ ነው። ባለቤቱ ዛሬም የተፈቀደለት መሆኑን አያውቅም፤ ማንንም አልጠየቀምና። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ኮምፒውተር አስቡት። ነርሷ ተራዋን አስረክባ «ውጣ» የሚለውን ትጫናለች፣ ገጹ ወደ መግቢያው ይመለሳል፣ ኩኪውም ይጠፋል። ቀደም ብሎ ቶክኑን የገለበጠ ሰው ካለ ግን ሦስቱም ሰርቨሮች እስከ ነገ የታካሚውን የምርመራ ውጤት ያሳዩታል። እሷ ወጥቻለሁ ብላ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

ለክሊኒክ የምመክረው ሴሽኑን አንድ ቦታ አስቀምጦ በእያንዳንዱ ጥያቄ ከዚያ ማጣራት ነው። ሠራተኛ ሲሰናበት በስሙ ያሉ ሴሽኖች ሁሉ ወዲያው ይሰረዙ። ጄደብሊውቲን ካልተዋችሁ ዕድሜውን ከ5 እስከ 15 ደቂቃ አሳጥሩት፤ አዲስ ቶክን የሚያሰጠውን የማደሻ ቶክን መሰረዝ በምትችሉበት ቦታ ያዙት። ሬዲሱ ምላሽ ባይሰጥስ? ያልተረጋገጠ ሰው አይግባ። ሥራ እንዳይቆም ተጠባባቂ ሬዲስ አዘጋጁ እንጂ ማጣሪያውን አታንሱት። ደግሞም ሲስተሙን ያልሠራ የደኅንነት ባለሙያ ሳይፈትሸው ሥራ ላይ አይቆይ። ይህን እለምናችኋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

ጥያቄ፦ ከአራቱ ሰርቨሮቻችን በአንዱ የገባ ተጠቃሚ ሌሎቹ ጋ ሲደርስ ወዲያው «ጊዜዎ አልፏል» ይባላል። ቶክኑ የሚፈረምበት ቁልፍ አራቱም ላይ አንድ ነው።

መልስ፦ ሰዓቱን እዩት። አንድ ሰው በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቶት ይሆናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 2:00 ብሎ የሞላ ሰው ማሽኑን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶታል። የአንድ ሰዓት ዕድሜ የሰጠው ቶክን ለሌሎቹ ካለፈበት 5 ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው። የባሰው ሌላው ነው፦ በሌሎቹ ዘንድ ጊዜው ያለፈ ቶክን እዚያ ሰርቨር ላይ ለ6 ሰዓት ተጨማሪ ያስገባል። የሰዓት ክልሉን አፍሪካ/አዲስ አበባ አድርጉና ሰዓቱን ክሮኒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ያስተካክለው። በእጅ አትንኩት። ካልሆነላችሁ የኔትወርክ ሰው ጥሩ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ማራኪ ግቢ። የመመረቂያ ሥራዬ ሎግ አውት በሁለቱም ሰርቨር ላይ መሥራቱን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ በብሮውዘር ግባና ኩኪውን ገልብጠህ ያዝ። ከዚያ ውጣ። ሎድ ባላንሰሩን (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለውን) ትተህ በከርል (በትእዛዝ ጥያቄ በሚልክ ፕሮግራም) በቀጥታ ወደ አንደኛው፣ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ያንኑ ኩኪ ላክ። ሁለቱም 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም» የሚል ኮድ) ሊሰጡህ ወይም ወደ መግቢያው ገጽ ሊመልሱህ ይገባል። አንዱ እንኳ ገጹን ካሳየህ ሥራህ አላለቀም።