194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቀኖች፣ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

በጎንደር ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጾማት ማስሊያ ትምህርት) የተማረ ሁሉ 532ን ያውቀዋል፤ የጨረቃው ዑደት 19 ዓመት ሲባዛ በፀሐዩ ዑደት 28 ነው። ዛሬ የተጠየቀው ግን በዚህ ዐቢይ ቀመር (ዕለቱም የጨረቃው ስሌትም አብረው በሚመለሱበት የ532 ዓመት ዑደት) ውስጥ ስላሉት ቀኖች ብዛት ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ መምህር፣ ቁጥሩ እንዴት ይገኛል?

532 በ365 ሲባዛ 194,180 ነው። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርጋት 133 ቀን ጨምር፦ 194,313።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የ194,313ን አካፋዮች ስፈልግ 487 ላይ ቆምኩ። ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው?

ነው፤ በትክክል ደርሰሻል። የ194,313 አኃዞች ድምር 21 ስለሆነ ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም። ለ3 ሲካፈል 64,771 ይደርሳል፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 9,253፣ እሱም ለ19 ሲካፈል 487። 487 ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ እስከ 19 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ 23 በራሱ ሲባዛ 529 ሆኖ ያልፈዋልና። 2፣ 3 እና 5 ወዲያው ይወድቃሉ። 7 ቀሪው 4፣ 11 ቀሪው 3፣ 13 ቀሪው 6፣ 17 ቀሪው 11፣ 19 ቀሪው 12። 3፣ 7፣ 19 እና 487 አራቱም አንዳንድ ጊዜ ብቻ ስለገቡ ጠቅላላ አካፋዮቹ 16 ናቸው።

ጥያቄ፦ 194,313 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። የሁለት ካሬዎች ድምር ነው ማለት ነው?

አይደለም። ያ ምልክት የሚበቃው ለብቸኛ ቁጥር ነው። 3፣ 7፣ 19 እና 487 እያንዳንዳቸው ለ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋቸዋል፤ እንዲህ ያለ አካፋይ አንድ ጊዜ ብቻ ከገባ ነገሩ አበቃ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲባዙ ቀሪው 1 ስለሚሆን ጠባያቸው ይደበቃል። የዚህ ቁጥር ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የ76 ዓመቱ ማዕከላዊ ቀመር የሳምንቱን ዕለት ለመመለስ ለምን አልበቃም?

27,759 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ማክሰኞ የገባው ዓመት ከ76 ዓመት በኋላ ቅዳሜ ይገባል። 7 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ዕለቱ የሚመለሰው በሰባተኛው ዙር ብቻ ነው፤ 27,759 በ7 ደግሞ 194,313።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ የዓመቱን ስሌት በ2018 ዓ.ም. ያሳዩን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5,500 ዓመት ጨምሩ፦ 7,518። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። 70 ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው 13 መደብ (በ19 ዓመቱ ዑደት የዓመቱ ተራ) ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 132፣ በሠላሳ ሲገደፍ (ሠላሳዎቹ ሲጣሉ) የሚተርፈው አበቅቴው (የጨረቃ ዕድሜ ቁጥር) 12። 12 በ19 228፣ ሲገደፍ መጥቅዑ (የበዓላቱና የአጾማቱ ስሌት መነሻ ቁጥር) 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ 5,500ን መርሳት ነው፤ 2018 ብቻውን ለ19 ሲካፈል 4 ይተርፍና ተከታዩ ሁሉ ይበላሻል። ከ194,313 ቀን በፊት፣ በ1486 ዓ.ም.፣ መስከረም 1 እንደ 2018ቱ ሐሙስ፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ነበር።

ጥያቄ፦ ጨረቃዋስ ትገጥማለች?

በጣም ትቀርባለች። 194,313 ቀን በዐቢይ ቀመሩ 6,580 ወራተ ጨረቃ ሲካፈል አንዱ ወር 29.53085 ቀን ይወጣዋል፤ የሰማይዋ ጨረቃ አማካይ 29.53059 ነው። ልዩነቱ በ532 ዓመት 1.7 ቀን ያህል ይሆናል።