«ታታሪ ገበሬ ነበሩ» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አዘዞ እቤቴ አንድ የሠፈር ልጅ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የያዘ ልጅ ነው። አባቱ ጭልጋ በኩል ገበሬ ነበሩ፤ አርባቸው ሊወጣ ሳምንት ቀርቶታል። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ «ጋሼ፣ አማርኛውን ይዩልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ግማሽ ገጽ ናት። የትውልድ ቦታ፣ የልጆች ቁጥር፣ ከዚያ «ታታሪ ገበሬ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ትላለች። አማርኛው ደህና ነው። ሰውየው ግን የሉበትም።

አልተቆጣሁትም። እኔም በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ ይህችኑ ወረቀት ጽፌያለሁ።

አባቴ የደምቢያ ገበሬ ነበር። (አያችሁ፣ እዚህ «ነበር» ብያለሁ። እቤት «አንተ» ስንለው የኖርነውን ሰው ወረቀት ላይ «እርሳቸው» ስናደርገው ያከበርነው ይመስለናል፤ እኔን ያን ዕለት የራቀኝ ነው የመሰለኝ።) ሁለት ገጽ ጽፌ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወይራው ሥር ቆሜ አነበብኩ። ታታሪ ነበሩ አልኩ፣ ደግ ነበሩ አልኩ። ሰው በጨዋነት ሰማኝ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ሳልከት አንዲት አልቃሽ ከሴቶቹ መሃል ድምፅዋን አወጣች፦

ቦራ ቆሞ ያያል፣ ዳለቻም ቆሟል፤
ጅራፉ ዝም አለ፣ ጌታው የት ሄዷል።

ለቅሶው የተነሣው ያኔ ነው። እኔ ሁለት ገጽ ሙሉ ስጽፍ የበሬዎቹ ስም ትዝ አላለኝም። ትዝ አላለኝም ማለት እንኳ ራሴን ማሳመር ነው፤ አላውቀውም ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ ሙያዬ መጠየቅ መሆኑ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ከሕዝብ ጤና ኮሌጅ የወጣሁ ጤና መኮንን ነኝ። ኮሌጁ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን የጠራረገው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ 7,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ይህን ቁጥር ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። አባቴ ያኔ የሃያ ምናምን ዓመት ጎልማሳ ሆኖ እዚያው ደምቢያ እንደነበረ እያወቅሁ፣ «አንተስ ያን ዓመት እንዴት አለፍከው?» ብዬው አላውቅም።

የነገረኝ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነው። «የንዳዱ፣ የወባው ዓመት አባትህ እሱም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ቀን ይይዘዋል፣ አንድ ቀን ይለቀዋል። የለቀቀው ቀን ይጠምዳል። ሽምብራ የሚዘራበት ወቅት ነበር፤ ወንድ የሞተባቸውን የሁለት ቤት ማሳ ከራሱ ጋር ዘራ» አለኝ። ቀን እየዘለለ የሚመጣ ትኩሳት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። በመሃሉ ባለችው ቀን ሞፈር ተሸክሞ የሚወጣ ሰው እንዳለ ግን መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

አባቴን ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር? «ታመህ ታውቃለህ?» ብለው «እግዜር ይመስገን፣ አላውቅም» ይለኝ ነበር። ክሊኒክ የሚመጡ ገበሬዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት። ስንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው ጥያቄውን የቀየርኩት፤ «ከእርሻ ያዋለህ ነገር ነበር ወይ?» ማለት ጀመርኩ። ያኔ «አይ፣ እሱማ ባለፈው ሰኔ አንድ አምስት ቀን…» ብለው ይጀምራሉ። ለበሽተኛ የተማርኩትን ለአባቴ አላዋልኩትም።

አሁን ስለዚያ «ታታሪ» ስለምንለው ቃል ላውራችሁ። ላቡን ይናገራል፤ ጭንቅላቱን ይደብቃል። የደምቢያ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በሬው እስከ ጉልበቱ ይገባል፤ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ለማረሻ የሚመች ጥቂት ቀን አለ። አባቴ ማለዳ ተነሥቶ አንድ እፍኝ አፈር ይጨብጥና ይለቀዋል። ከተበተነ አንድ ነገር ነው፣ ከተጣበቀ ሌላ። አንዳንድ ቀን በሬዎቹን አውጥቶ ሲያበቃ አፈሩን አይቶ ይመልሳቸዋል። ልጅ ሆኜ ሰነፈ ብዬ ነበር የማስበው።

ማረሻችን መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ዙር አቋርጦ ማረስ ግድ ነው፣ በሦስተኛው እንደገና። ጤፍ ደግሞ ደቃቅ ናት፣ የለሰለሰ መሬት ትፈልጋለች። አንድ ቀን ጡረታ ላይ ሥራ ፈትቼ እርሳስ አንሥቼ አሰላሁት። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው። ትልሙ በ25 ሳንቲ ሜትር ቢራራቅ፣ አንድ ጊዜ ለማረስ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር መሄድ አለ። አምስት ጊዜ ከታረሰ 50። አራት ጥማድ ጤፍ 200 ኪሎ ሜትር። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ገደማ ነው። አባቴ ለአንድ ሄክታር ጤፍ ከዚህ ባሕር ዳር ድረስ፣ አልፎም፣ በባዶ እግሩ እርፍ ተጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። በየዓመቱ። አንደኛው በሬ የሞተበት ዓመት ደግሞ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ አንድ ቀን ለራሱ፣ አንድ ቀን ለባልንጀራው ሄደ። ይህን ዓመት ራሱ አውርቶልኝ ያውቃል፤ ያወራው ግን ስለ ባልንጀራው በሬ ክፋት ነበር።

ጓያ ስለሚባለው ጥራጥሬም ላንሣ፣ በሙያዬ ስለሚመለከተኝ። ጓያ ውሃ የተኛበትም መሬት ላይ፣ ዝናብ የራቀበትም መሬት ላይ ይበቅላል። ለዚህ ነው በክፉ ዓመት ሌላው ሲጠፋ እሱ የሚገኘው። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይያዛል፤ ደምቢያና ፎገራ በዚህ የታወቁ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። አንዴ ከያዘ አይመለስም። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ስማር አባቴ ቤት ሕግ ከሆነ ቆይቷል፤ ጓያ ብቻውን አይበላም፣ ከገብስ ወይ ከሽምብራ ይቀላቀላል፣ ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋል። «ማን ነገረህ?» ስለው «የአጎቴ ልጅ በምርኩዝ ሲሄድ አላየህም?» አለኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስል ቅዱስ ላደርገው አይደለም። እህቴን ትምህርት ቤት አላስገባትም። እኔን ጎንደር ሲልክ እሷን ለእንስራና ለኩበት አስቀራት፤ ይህን የወሰነው ያው ታታሪው ሰው ነው። ከሁለታችን ፈጣኗ እሷ ነበረች፤ ዛሬም የማን ቤት ስንት ቁና እህል እንደተበደረ በቃሏ ትዘረዝራለች። በአርባው ወረቀቴን ከልሼ፣ የንዳዱን ዓመት ጨምሬ ላነብላት ስጀምር ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አንተ ስትማር እኔ ውሃ ቀዳሁ፤ እሱን ጽፈሃል?» አለችኝ። አልጻፍኩም ነበር። የእናቴንም አልጻፍኩም። አውድማው ላይ መንሽ ይዞ የቆመውን ሁሉም ያየዋል፤ አውድማውን በእበት የለቀለቀች፣ ጎታውን ከጭቃ የሠራች፣ ጤፉን በጉልበቷ ተንበርክካ ያረመች እሷ ነች። የገበሬ ታሪክ ስትጽፉ የአንድ ሰው ታሪክ አድርጋችሁ አትጻፉት፤ ውሸት ይሆንባችኋል።

ለዚያ ልጅ የነገርኩትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ። አባታችሁ በሕይወት ካለ፣ ለበዓል ስትገቡ «ሕይወት እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁት። እንደዚያ ለሚጠይቅ «ተመስገን» ነው መልሱ። ጅራፍ ሲገምድ፣ ማረሻ ሲስል አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጃችሁንም አስገቡ። የትኛው ማሳ ቀድሞ ይታረሳል? ለምን? የመጀመሪያውን በሬ በምን ገዛህ? እናታችሁን ለብቻዋ ጠይቁ፤ እሱ ባለበት እሷ አታወራም፣ ካወራችም እሱ ያርማታል። ስልክ አለላችሁ፣ ቅዱ። ሞቶም ከሆነ ጎረቤት አለ፣ መቀናጆ የገባው ባልንጀራ አለ፣ አልቃሿ አለች።

ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ለእናቱ ጭልጋ እንደደወለና ስለ በሬዎቹ እንደጠየቃት ሰማሁ። ትናንት ማታ እኔ ጋ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ሦስት ቀን ሆነን፤ ገና የመጀመሪያውን በሬ አልጨረሰችም» አለኝ።