ዘንድሮ ፍሬሽ (አንደኛ ዓመት) ለምትገቡ፦ ስለ ግቢ ኑሮ ጠይቁኝ

እትዬ ሬጅስትራር፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር (የተማሪዎች ምዝገባና ውጤት) ቢሮ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠይቁ። «የትኛው ዲፓርትመንት ያበላል?» ለሚል ግን መልስ የለኝም።

ሰመራ ደረሰኝ፦ እትዬ፣ ምን ይዤ ልሂድ?

እትዬ ሬጅስትራር፦ ስስ አንሶላ፣ ጀሪካን፣ ለሎከር ጠንካራ ቁልፍ። የ12ኛ ክፍል ውጤትህን ዋናውንም ኮፒውንም። ጉርድ ፎቶ በርከት አድርግ። ብርድ ልብሱን ደብረ ብርሃን ለደረሰው ስጠው።

የቆላ ልጅ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ተጋኗል።

ብርድ ገዳይ፦ ጠዋት ሻወር ገብተህ ታውቃለህ?

የቆላ ልጅ፦ ውሃ ሲኖር አይደል?

ብርድ ገዳይ፦ እሱስ እውነት ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቡ…

እትዬ ሬጅስትራር፦ ልጆች፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ማሂ፦ ካፌ ይሻላል ወይስ ኖን ካፌ?

እትዬ ሬጅስትራር፦ ሆድሽ ያውቃል። ብቻ ኖን ካፌ ሆነሽ ለምግብ በእጅሽ የሚሰጥሽ ብር ስጦታ እንዳይመስልሽ፤ ወጪ መጋራቱ (ተመርቀሽ የምትከፍይው ዕዳ) ላይ ይጻፋል። ውሉን አንብበሽ ፈርሚ፣ ኮፒ ያዢ።

ናፍቆት፦ እትዬ፣ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ዶርም ውስጥ የማውቀው ሰው የለም፣ እናቴ ስትደውል አለቅሳለሁ። ሻንጣዬን ይዤ ልውጣ እያልኩ ነው።

እትዬ ሬጅስትራር፦ ልጄ፣ መሄድ መብትሽ ነው፤ ጠፍቶ መሄድ ነው ጥፋቱ። በየዓመቱ በመጀመሪያው ወርና ከሚድ ፈተና በኋላ የሚጠፉ ልጆች አሉ። ለማንም ሳይናገሩ ይወጣሉ፣ በዓመቱ ከአባታቸው ጋር መስኮቴ ላይ ይቆማሉ። እኔ ምን ላድርግ? የተመዘገቡት ኮርስ በስማቸው እንዳለ ነው፤ ያልተፈተኑት ኤንጂ (ውጤት የሌለው) ይሆናል፣ ኤንጂው ኤፍ ይሆናል። አባትየው ይለምናል፣ ልጁ መሬት መሬት ያያል።

መሄድሽ ካልቀረ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ) ፎርም ሙዪ። ምክንያትሽን ጻፊ፣ ከታመምሽ የሐኪም ወረቀት አያይዢ። ዲኑ ይፈርም። ክሊራንስ (የግቢው ንብረት እጅሽ ላይ እንደሌለ ማስፈረም) ጨርሺ፦ ላይብረሪ፣ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ)፣ ካፌ። መታወቂያና ሚል ካርድ መልሺ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘሽ ውጪ። ያኔ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ስትጠይቂ ፋይልሽ ንጹሕ ነው። ቀነ ገደቡን ከግቢሽ ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) እዪ፤ ጓደኛ አትጠይቂ።

ለናፍቆቱ፣ ፎርሙን ከመውሰድሽ በፊት ካውንስለር ካለ ሂጂ። ከአገርሽ ልጆች ጋር ብቻ ተሸጉጠሽም አትቀመጪ፤ አብሮ ማልቀስ ይሆናል።

ሲኒየር ነኝ፦ በዚህስ አልስማማም። የአገሬ ልጆች ባይኖሩ እኔ ፍሬሽን አልጨርስም ነበር።

ማሂ፦ እኔም።

እትዬ ሬጅስትራር፦ «ብቻ» ብያለሁ።

ኪያ፦ ዊዝድሮው እና ድሮፕ አንድ ነው?

እትዬ ሬጅስትራር፦ አይደለም። ድሮፕ አንድ ኮርስ መተው ነው፣ በአድ-ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መተዊያ) ጊዜ ብቻ። ዊዝድሮው ሴሚስተሩን በሙሉ።

ቢኒ፦ ዝም ብዬ ብወጣ ግን ምን ይመጣል?

እትዬ ሬጅስትራር፦ ከላይ አንብብ። ወረቀት ሳትይዝ ከግቢ አትውጣ።

አቤል፦ አንትሮፖሎጂ ሲ አመጣሁ። አለቀልኝ?

እትዬ ሬጅስትራር፦ ክሬዲቱን እይ እንጂ ፊደሉን አትይ። ሲ 2 ነጥብ ነው፣ ኤ 4። አንትሮፖሎጂ ባለ 2 ክሬዲት ከሆነ ከ8ቱ ነጥብ 4ቱን አጣህ። በሴሚስተሩ 17 ክሬዲት ይዘህ ሌላው ሁሉ ኤ ቢሆን ከ68ቱ 4ቱ ተቀንሶ 64 ይቀርሃል፤ ለ17 ሲካፈል ጂፒኤህ (የሴሚስተሩ አማካይ ውጤት) 3.76 ነው። ያው ሲ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ቢሆን ግን 3.65 ትወርድ ነበር። ስለዚህ ሌሊትህን ለባለ 3 ክሬዲቱ ስጥ። ስፖርቱ ፓስ-ፌል (አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ) ነው፣ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፤ ብትቀር ግን ትደግመዋለህ።

ሲኒየር ነኝ፦ የፍሬሽ ጂፒኤ ዋጋ የለውም፣ ዋናው ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ ነው።

እትዬ ሬጅስትራር፦ ዲፓርትመንቱን በምን የሚያስገባህ መሰለህ? እንዲህ እያላችሁ ነው ልጆቹን የምታስቱት።

ሲኒየር ነኝ፦ እኔ ደርሶኛል።

እትዬ ሬጅስትራር፦ የመጀመሪያ ምርጫህ?

ሲኒየር ነኝ፦ አራተኛ።

ቶሚ፦ የዶርም ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ያወራል፣ ምን ላድርግ?

እትዬ ሬጅስትራር፦ የኔ መስኮት አይደለም። ፕሮክተር።

ዮኒ፦ እትዬ፣ ወረቀት ሳልይዝ ብሄድ ግን…

እትዬ ሬጅስትራር፦ ሦስተኛ ጊዜ አልመልስም።

ሰመራ ደረሰኝ፦ ኮፒ ቤት ግቢ ውስጥ አለ?

እትዬ ሬጅስትራር፦ በምዝገባ ሳምንት ሰልፉ አያስገባህም። ከቤት አስነስተህ ሂድ።