ናፍጣ የነካው ዓሣ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደረሱኝ ጥያቄዎች ዓሣና ነዳጅ ላይ ናቸው። ጣና ላይ ድፍድፍ ነዳጅ የለም፤ የጀልባ ናፍጣና የሞተር ዘይት ግን አይጠፋም። ጥናቱ በብዛት የተሠራው ባህር ላይ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው።

ከጀልባ የሚፈሰውን ናፍጣ ቀረሶው ሰውነቱ ውስጥ ይዞት ይቀራል?

አብዛኛውን አይዘውም። ነዳጅ ውሃ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይሟሟ እንዲሁ አይወጣለትም፤ ጉበቱ ሲ-ዋይ-ፒ 1ኤ በሚባል ኢንዛይም ኦክስጅን ያስገባበታል፣ ሌሎች ኢንዛይሞች ተቀብለው ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርጉታል፣ ከዚያ በሐሞት በኩል አንጀት ገብቶ ይወጣል። ግን ተገላገለ ማለት አይደለም። ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪንን የመሰለው ነገር መንገድ ላይ ሳለ መርዝነቱ ይብስበትና ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል። አሜሪካ ፒውጀት ሳውንድ ውስጥ፣ በተበከለ ደለል ላይ የሚኖረው ኢንግሊሽ ሶል የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ ጉበቱ ላይ ዕጢ የተገኘበት ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

የባህር ዓሣ ሁሉ እኩል ይቋቋመዋል?

ኧረ በጭራሽ። ሃዶክና ኮድ ዘመዳሞች ናቸው። ግን የነዳጅ ጠብታ የሃዶክ እንቁላል ላይ ሙጭጭ ይላል፣ ኮድ ላይ ያን ያህል አይደለም፤ ስለዚህ የሃዶክ ጽንስ ቶሎ ይጎዳል፣ በተለይ ልቡ። እኔን የሚገርመኝ ግን ኪሊፊሽ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኤልዛቤት ወንዝ ላይ፣ ስንት ትውልድ በተበከለ ደለል መሃል ኖሮ የተረፈው ያ ሲ-ዋይ-ፒ 1ኤ ያልኩት የጉበት ኢንዛይም ቶሎ የሚነሳበት ሳይሆን እምቢ ያለበት ነው! ጉበቱ በዚህ በኩል ሰንፎ ዳነ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ተመራማሪዎች ሐሞቱን ለምን ይፈልጉታል?

ዓሣ ስትከፍቱ ጉበቱ ሥር ያለችው አረንጓዴ ከረጢት፣ ፈንድታ ሥጋውን እንዳታመር የምትጠነቀቁላት፣ እሷ ናት የምትመሰክረው። ጉበት የፈጨው ነዳጅ እዚያ ስለሚጠራቀም ሥጋው ንጹሕ መስሎ ሐሞቱ ያጋልጠዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ዲፕዎተር ሆራይዘን ከተባለው የባህር ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ አደጋ የወጣው ነዳጅ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከፈሰሰ በኋላም የዓሦች ሐሞት ተመርምሯል።

ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ዓሣ ጥሩ አድርጎ ቢጠበስ ይለቀዋል?

አይለቀውም፣ ለሻጩ መልሱለት። አሜሪካኖቹም ያኔ፣ በዲፕዎተር ሆራይዘን ጊዜ፣ ከላቦራቶሪው ሌላ በአፍንጫቸው የሚለዩ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሯቸው፤ ዓሣው ከሸተተ አያልፍም። የማይሸት ሁሉ ግን ንጹሕ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

አምባዛስ ከቀረሶ ይብሳል?

አምባዛ ታች ጭቃው ላይ ነው የሚውለው። ከባዱ የነዳጅ ክፍል ደግሞ ከደለል ጋር የሚቀመጠው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ሞተር በሚታጠብበት ዳርቻ የተያዘ አምባዛ ቢቀርብልኝ እኔ አልገዛም።