የሥጋ ከብት ማዳቀል፦ ስለ ኮርማ ጠየቃችሁኝ፣ ስለ ላም መለስኩላችሁ

ባለፈው ሳምንት «ለሥጋ ስለሚሆን ከብት ማዳቀል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ለመጣው ሁሉ እነሆ መልስ። ለማታውቁኝ፦ አዳማ አቅራቢያ 14 ላሞች አሉኝ፤ ዘጠኙ የቦረና ዝርያ፣ የቀሩት የአርሲ። ጥጃ አሳድጌ፣ ወይፈኑን አደልቤ እሸጣለሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁምና መድኃኒት አታሳዝዙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአሰላ ነኝ። ስምንት የአርሲ ላሞች አሉኝ። ምርጡ የሥጋ ዘር የትኛው ነው?

መልስ፦ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቅህ ማን እንደሚገዛህ ነው። ለበዓል ገበያ ከሆነ የሚፈለገው የደለበ ሰንጋ ነው። ወደ ዐረብ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች ከሆነ ያልተኮላሸ ወጣት ወይፈን ነው፤ እነሱ ቦረናን ያውቁታል፣ ይወዱታልም። ቀጥሎ ላሞችህን ተመልከት። የአርሲ ላም ትንሽ ናት፤ ጥቂት ትበላለች፣ ክፉ ቀን ትችላለች። ይህን አታጥፋው። የቦረና ኮርማ ብታመጣላት ጥጃው ከእናቱ ይገዝፋል፣ ሲወለድ ግን 25 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሆነ አያስጨንቃትም።

ኮርማውን ስትገዛ ከፊቱ ቆመህ ሻኛውንና አንገቱን ብቻ አትይ፤ ደላላ የሚያሳይህ ያንን ነው። ከኋላው ሆነህ ጠጠር ላይ ሲራመድ ተመልከት፤ የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ ይረግጣል ወይስ ወደ ጎን ይጥላል? ቆለጦቹ እኩል ናቸው? እናቱን ማየት ከቻልክ ደግሞ ጡቷን፣ ጥጃዋን እንዴት እንደምታስጠጋ እይ። እኔ እናቱን ያላየሁትን ኮርማ ሁለት ጊዜ ገዝቼ ሁለቱንም ጊዜ ተጸጽቻለሁ።

ጥያቄ፦ የቦረናና የሆልስታይን (የውጭው ትልቅ የወተት ዝርያ) ዲቃላ ወይፈን አለኝ፤ እኩዮቹን ሁሉ በቁመት አልፏቸዋል። ከእሱ እኩል ደም ላላቸው ጊደሮቼ ኮርማ ላድርገው?

መልስ፦ አኮላሽተህ አደልበው ወይም ሽጠው። እንደማትወደው አውቃለሁ፤ እኔም በዚህ ወድቄያለሁ።

የምታየው ቁመትና ጥንካሬ ከፊሉ ከዘሩ፣ ከፊሉ ከመዳቀሉ የመጣ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ዝርያዎች ሲገናኙ የሚገኘው ብርታት በመጀመሪያው ትውልድ ሙሉ ነው፤ 100 እንበለው። ዲቃላውን ከዲቃላ ጋር ስታገናኘው ወደ 50 ይወርዳል። ወደ አንደኛው ወገን ስትመልሰውም እንዲሁ 50 ነው። የጥጆቹ መለያየት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዱ ሻኛ ይዞ፣ አንዱ ሜዳ ጀርባ ሆኖ፣ አንዱ በፀሐይ እያለከለከ ይወለዳል። ገዢ በጅምላ ሲያያቸው ዋጋ የሚቆርጠው ከሁሉ በደከመው ነው።

ብርታቱ በብዛት የሚታየው በሥጋው መጠን ሳይሆን በቀላሉ በማይወረሱት ነገሮች ላይ ነው፦ ላሚቱ ቶሎ መያዟ፣ ጥጃው መትረፉ፣ እስከ ጡት መጣል መድረሱ። ስለዚህ ለትንሽ መንጋ የሚሻለው ላሞቹን አገርኛ አድርጎ ማቆየት፣ በየዓመቱ የውጭውን ደም በአባት በኩል ብቻ ማስገባትና የተወለደውን በሙሉ መሸጥ ነው። ሴቶቹን ማስቀረት ካስፈለገህ ሁለት ዝርያ ኮርማ በየትውልዱ እያፈራረቅህ ብትጠቀም ከብርታቱ ወደ 67 ከመቶ፣ በሦስት ዝርያ ወደ 86 ከመቶ ይቀርልሃል። ለስምንት ላም ሦስት ኮርማ የሚቀልብ ግን የለም፤ ይህ የሚሆነው በአባላዘር (የኮርማ ዘር በአዳቃይ እጅ በሚገባበት ሰው ሠራሽ ማዳቀል) ብቻ ነው።

የሆልስታይን ዲቃላ ወይፈን ሲደልብ ደግሞ አጥንቱ ይረዝማል፣ ስብ የሚይዘው ዘግይቶ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ በገንዘብህ የምትገዛ ከሆነ ይህን አስላ።

ጥያቄ፦ ጊደሬን በትልቅ ዝርያ አባላዘር ላስጠቃት አስቤ ነበር። ያስፈራል?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ወላጅ አዎ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት የአርሲ ጊደር ነበረችኝ፤ ምናልባት 200 ኪሎ ግራም። አዳቃዩ የያዘው የሆልስታይን ብቻ ነበር፤ እኔም ድራቷ (ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ) እንዳያልፍ ፈርቼ እሺ አልኩ። የሆልስታይን ጥጃ 40 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ዲቃላው ከዚያ ቢያንስም ለእሷ ብዙ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሰኮና ብቅ ብሎ ቆመ። ገመድ አስረን ከጎረቤቴ ጋር እስኪነጋ ስንጎትት ቆየን። ጥጃው ሞቶ ወጣ፤ እሷም ሦስት ወር በእግሯ በቅጡ አልቆመችም፣ ሸጥኳት። ስህተቱ የአዳቃዩ አይደለም፣ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ጊደር የሚያስጠቃልኝ ትንሽ የቦረና ኮርማ ነው፣ ትልቁ ዘር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ወላጆች ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ለወንድሜ አንገስ (የውጭ የሥጋ ዝርያ) እንዲያዳቅል ገንዘብ ልላክ?

መልስ፦ የአንገስ ትልቁ ሀብት በጡንቻ ውስጥ እንደ እብነ በረድ የተዘራ ስብ ነው። እዚያ ያለው ገዢ ለዚያ በደረጃ ይከፍላል፤ እዚህ ግን ባለ ሉካንዳው በዓይኑና በእጁ መዝኖ ነው የሚገዛው። አንገስ ሻኛም የለውም። ጥሬ ሥጋ ቤት ሄደው ሻኛ ሳያዝዙ የተመለሱበት ቀን ካለ ይንገሩኝ! ሙቀቱና መዥገሩም አለ።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ነብራስካ፣ ክሌይ ሴንተር ያለው የአሜሪካ የሥጋ እንስሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእኛኑ ቦረና ወስዶ ከአንገስና ከሄርፎርድ ላሞች ጋር ሞክሮታል፤ ሥጋው ከብራህማን (ሻኛ ካለው የአሜሪካ ዝርያ) ዲቃላ ይልቅ ለስለስ ብሎ ተገኘ። የኬንያ አርቢዎችም ከኢትዮጵያ የተሻገረውን ቦረና እየመረጡ በዓለም የሚሸጥ ዝርያ አድርገውታል። በላኩት ገንዘብ ወንድምዎ ጥሩ የቦረና ኮርማና አንድ የሣር ማስቀመጫ ቢሠራ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከጊቤ ሸለቆ ነኝ። ገንዲ (የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ) ከብት ይጨርስብናል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ባለ ቦታ መጀመሪያ የሚታሰበው ክብደት አይደለም። የደቡብ ምዕራቡ ሸኮ ገንዲን ከብዙዎቹ በተሻለ የሚቋቋም ዝርያ ነው፤ ቁጥሩ ግን ተመናምኗል። በአቅራቢያሽ ካገኘሽ ከእናት ወገን አስቀሪው፤ የውጭ ደም አታስገቢ።

ጥያቄ፦ አንድ ኮርማ ስንት ዓመት ላቆየው?

መልስ፦ የገዛ ልጆቹ ለመጠቃት እስኪደርሱ፤ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል። አባት ከልጁ ሲገናኝ የሚወለደው ጥጃ የእርስ በርስ መዳቀል መጠኑ 25 ከመቶ ይሆናል፣ ከዝምድና የሚመጣ ጉድለት የሚታየው ያኔ ነው። ከጎረቤት ጋር ተለዋወጥ፤ ግን ከመለዋወጥህ በፊት ሁለቱም ለብሩሴላ (ላም የሚያስወርድ ተላላፊ በሽታ) ይመርመሩ። ውርጃ በኮርማ ስትገባ አታንኳኳም።

ጥያቄ፦ ላሜ ወንድና ሴት መንታ ወለደች። ሴቷን ለዘር ላስቀር?

መልስ፦ አይሆንም። ከአሥር ዘጠኙ መካን ናቸው። አደልባት።

ጥያቄ፦ መቼ ላስጠቃ?

መልስ፦ ጠዋት ድራት ካየህ ከሰዓት፣ ማታ ካየህ በነጋታው ጠዋት። ወሩን ካልክ እኔ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው የማስጠቃው፤ ላሞቹ በክረምቱ ሣር ተመልሰዋል፣ ጥጆቹም የሚመጡት ሰኔ ላይ፣ ሣሩ ሲጀምር ነው። ጥጆቹ ጭቃ ላይ ይወለዳሉ የምትሉኝ ብዙ ናችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ለዚያ በረቱ ውስጥ ደረቅ ጭድ አነጥፋለሁ።